እንገር በማንኪያ

ዩንሴ ልጇን የወለደችው ትናንት ጠዋት ነው፣ ሞክፖ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ። ልጁ ጊዜው ሳይደርስ ስለመጣ ጡት መሳብ ገና አልቻለም፤ ሙቀት ክፍል ነው ያለው። ነርሷ "ትንሽም ብትሆን እንገር አዘጋጂለት፣ መጥቼ እወስዳለሁ" ብላት ሄዳለች።

ባሏ ቴግዮም ታዲያ አንደኛ ነው የተባለ የጡት ማለቢያ ማሽን ገዝቶ መጣ። ማሽኑ እዝዝ አለ፣ እዝዝ አለ፣ ጠርሙሱ ግን ባዶ!

"አንተ ልጅ፣ ሚስትህ ላም መሰለችህ እንዴ?" አሉ አማቷ፣ ለአራሷ ያመጡትን የባህር ቅጠል ሾርባ እያማሰሉ።

ዩንሴ እንባዋ መጣ። ግን ደግሞ የነገሩን ውስጥ ካላየች አይሆንላትም፤ ጡት ላይ የሚደፋውን የማሽኑን ክፍል ነቅላ ወደ መስኮቱ አዞረችው። ውስጡ ቢጫ ነገር እንደ ማር ተለጥፏል።

"እማዬ፣ ይዩት! ወጥቷል እኮ! ወፍራም ስለሆነ እዚሁ ተጣብቆ ነው የቀረው! ማንኪያ ቀቅለው ይስጡኝ እስቲ።"

እጇን ታጥባ የጡቷን ጫፍ ጨመቅ አደረገችው፤ አመማት እንጂ ጠብ አላለም። ጣቶቿን ትንሽ ወደ ኋላ ብትወስዳቸውስ? ወደ ደረቷ ገፋ፣ ከዚያ ጨመቅ... ጠብ! ደገመችው፣ ጠብ!

ነርሷ ስትመጣ የማንኪያው ግማሽ ሞልቷል።

"ይቺው ናት?" አለ ቴግዮም።

"ለእሱ ምሳው ናት" አለች ነርሷ፣ በስሪንጅ እየመጠጠች። ትንሽ ቆይታ ባዶውን ስሪንጅ ይዛ ተመለሰች። "ሙልጭ አድርጎ ዋጣት!"

ቴግዮም አፍሮ ማሽኑን ካርቶኑ ውስጥ መክተት ጀመረ።

"ተወው፣ ወተቱ ሲቀጥንና ሲበዛ እሱንም እናየዋለን" አለችው ዩንሴ። "አሁን ማንኪያዋን እጠብልኝ።"