ክፈቱለት

ቀለም ሲያብጥ ምክንያት አለው። ወይ ከሥሩ ዝገት ቀርቷል፣ ወይ እርጥበት ገብቷል፣ ወይ ሠራተኛው ሰንፏል። አርባ ዓመት ላሜራ ስደበድብ የኖርኩ ሰው ነኝና ይህን ለመናገር የማንም ፈቃድ አያስፈልገኝም። መንፈስ ነው፣ የሞተ ሰው ነው፣ ምናምን የሚለኝ ካለ ሞኙን ይፈልግ። እንዲህ እያልኩ ነው እንግዲህ ግቢያችን ውስጥ በቆመችው ቫን ጎን ላይ ያን ክብ እብጠት ለሦስተኛ ጊዜ ያየሁት።

ቫኗ የታናሽ ወንድሜ ነበረች። ፊቷ ክብ፣ ከኋላዋ አልጋ፣ ቁም ሳጥንና ትንሽ ማብሰያ ያላት፣ እኛ ሳንወለድ የተሠራች የምትመስል አሮጌ መኪና። ተጥላ አገኘናትና ጎትተን አመጣናት። እኔ ቦዲ ሠሪ ነኝ፣ እሱ አናጢ ነበር፤ ውጪዋን እኔ፣ ውስጧን እሱ ልንሠራ ተስማማን። መሀል ላይ ሚስቱ ጥላው ሄደች። ከዚያ በኋላ ሴት ልጁን፣ እሷ «እማምዬ» ከምትላት እናቴ ጋ እያስተኛ እሱ ቫኗ ውስጥ ማደር ጀመረ። «ቤት ውስጥ ጣሪያው ይከብደኛል» ይለን ነበር። አንድ ዝናባማ ጠዋት ልጂቱ እንደወትሮዋ ቁርስ ይዛለት ሄዳ ብታንኳኳ አልከፈተም። ለብርዱ ከሰል አያይዞ ተኝቶ፣ ጭሱ አፍኖት አድሯል። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር።

ከፖሊስ ሊያጣሩ የመጡት ሰዎች የውስጡን እንጨት ነቅለው አዩ። ከአልጋው በላይ ያለችው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ድፍን ብላለች፣ የተሞላችበት ስቱኮ ገና አዲስ ነው። «አስቦበት ነው» አሉ። ሚስቱ ጥላው የሄደች ሰው፣ የተያያዘ ከሰል፣ የተደፈነ ቀዳዳ። ማን ይጠራጠራል? እናቴ የዚያኑ ቀን ፎቶውን ከግድግዳ አውርዳ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። «ልጁን ጥሎ የሚሄድ ልጅ እኔ አልወለድኩም» አለች። ግድግዳው ባዶ እንዳይሆን ደግሞ በዚያው ምስማር ላይ የኔን ፎቶ ሰቀለች። ከዚያ ወዲህ ስሙን ጠርታው አታውቅም።

ቀዳዳዋን የደፈንኳት እኔ ነኝ።

ከመሞቱ ሁለት ቀን በፊት ነው። እሱ እንጨት ሊገዛ ወጥቷል። ዝናብ በዚያች ቀዳዳ እየገባ ፍራሹን እንዳበሰበሰበት ሲያማርር ሰምቼ ነበር፤ እኔ ደግሞ ላሜራ ላይ ቀዳዳ ካየሁ እጄ አያርፍም። ከኋላ ቆርቆሮ ደግፌ በስቱኮ ሞላሁት፣ አለሰለስኩት፣ ቀለም ረጨሁበት። ከውስጥ በኩል እሱ ራሱ የሠራው ባለ ሽንቁር የኮምፔርሳቶ ጣውላ ይሸፍነዋል፤ ከውጪ ደግሞ እኔ የሠራሁትን ማን ያየዋል? ሲመጣ ልነግረው አስቤ ነበር። ኋላ ግን እስቲ ዓይኑን ልፈትነው፣ ራሱ ያግኘው አልኩ። ሥራዬ አይታይም እያልኩ ስፎክርበት ነው የኖርኩት። እውነትም አልታየውም።

ሰዎቹ «ይህን ማን እንደደፈነው ታውቃለህ?» ብለው ጠየቁኝ። «አላውቅም» አልኩ። ምላሴ ቀድሞኝ ነው። ነገ እናገራለሁ አልኩ፤ ከቀብሩ በኋላ አልኩ፤ እናቴ ትንሽ ትጽና አልኩ። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።

ልጂቱን እኔ አሳደግኳት። አሁን ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፣ ከኔው ጋር ላሜራ ትሠራለች፣ እጇም ከኔ የቀና ነው። ቀኝ አውራ ጣቴን የላሜራ መቀስ ከጫፉ ስለበላው በልጅነቷ «ግማሽ ጣት» ብላ ስም አወጣችልኝ፤ ዛሬም ልታናድደኝ ስትፈልግ እንደዚያ ትለኛለች። ባለፈው በጋ ድንገት መጣችና «ጋሼ፣ የአባዬን ቫን እንሥራት» አለችኝ። ዝጋለች አልኩ። ሞተሯ አልቆለታል አልኩ። ወገቤን ያመኛል አልኩ።

«እሺ፣ አንተ ወገብህን አስታም» ብላ ቫኗ የተሸፈነችበትን ሸራ ገፈፈችው።

ብቻዋን ልተዋት? እሷ ስትፍቅ ምን እንደምታገኝ እያወቅኩ? ተነሣሁና ሥራ ተከፋፈልን። ጋቢናውን፣ ወለሉንና በሮቹን ለሷ ሰጠሁ። የቀኙን ጎን እኔ ያዝኩ። «የከበደውን ላንቺ አልሰጥም» አልኳት። አሳዘንኳት መሰለኝ፣ ውሃ አመጣችልኝ።

የፈራሁት ቀዳዳዋን ብቻ አይደለም። ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ አንድ ደንብ ነበራቸው፤ የመጨረሻው ስቱኮ ከመቀባቱ በፊት፣ ከሥር ያለው ሳይደርቅ፣ አውራ ጣትህን ትጫንበታለህ። ሥራው ተበላሽቶ ከተመለሰ የማን እንደሆነ ይታወቃል፣ መካካድ የለም። እኔ ከሥር ግራጫ ከላይ ነጭ ስቱኮ ነው የምጠቀመው። ሲፈቀፈቅ ነጩ ጣት ግራጫው ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። የኔን ጣት ደግሞ ከሰው ጣት ጋር የሚያምታታ የለም፣ ግማሽ ነዋ።

ስለዚህ የቀኙን ጎን ላይ ላዩን ብቻ ፈቅፍቄ ቀለም ረጨሁ። በአራተኛው ቀን፣ ልክ ቀዳዳዋ በነበረችበት፣ ልክ በሷ ስፋት፣ ቀለሙ ክብ ሆኖ አበጠ። እርጥበት ነው አልኩ። ፍቄ ደገምኩት። በአራተኛው ቀን ተመለሰ። በጠራራ ፀሐይ አድርቄ ለሦስተኛ ጊዜ ረጨሁ። በአራተኛው ቀን መጣ። መዳፌን ጣል አደረግኩበት፤ ሙቅ ነበር፣ ዙሪያው ያለው ላሜራ ግን ቀዝቃዛ። ይሄኛውን እንኳ ምን እንደምለው ዛሬም አላውቅም።

እናቴም አለች። አልጋዋ መስኮቱ ሥር ነው፣ መስኮቱ ወደ ግቢ ያያል። ሸራው ከተገፈፈ ጀምሮ፣ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሲሆን አንገቷን ቀና ታደርግና «ይኸው ያንኳኳል፣ ክፈቱለት» ትላለች።

«ማነው የሚያንኳኳው እማዬ?»

በጣቷ ወደ መስኮቱ ትጠቁመኛለች። ስሙን አትጠራማ።

ላሜራ ፀሐይ ሲርቀው ይንቋቋል፣ ያለ ነገር ነው። አስረዳኋት። ሰማችኝና በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ «ክፈቱለት» አለች። የቫኗን በር ብርግድ አድርጌ ከፍቼ በድንጋይ አስደገፍኩት። «ይኸው እማዬ፣ ተከፈተ» አልኳት። «አልተከፈተም» አለችኝ። እናቴ ላይ ጮህኩባት፣ አፈር ልሁንላት። ወጥቼ ቫኗ ውስጥ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። በሩ ጋ አይደለም። ከጭንቅላቴ በላይ፣ ያኔ መልሼ ከገጠምኩት ኮምፔርሳቶ ኋላ። ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳይረብሽ እንደሚያንኳኳ ሰው። እሱ እንደዚያ ነበር የሚያንኳኳው።

በማግስቱ ለአራተኛ ጊዜ ልረጭ ቀለም እያማሰልኩ ልጂቱ ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

«ጋሼ፣ ምን ነካህ? እስከ ላሜራው ውረዱ እያልክ ጆሯችንን የምታደነቁረው አንተ አይደለህም እንዴ? ይሄ እኮ የጀማሪ ሥራ ነው።»

«ተዪው፣ አበላሸሁት፣ አስተካክለዋለሁ።»

«ቆይ፣ እኔ ላውርደው» ብላ ብርጭቆ ወረቀቷን ይዛ ተንበረከከች። «እዚህ ጋ ናት አይደል ቀዳዳዋ? ከውስጥ ለክቼ አውቃታለሁ።»

ማሰሮ ሰብሮ እንደተያዘ ልጅ ደርቄ ቀረሁ። እሷ እብጠቱን በጥፍሯ ላጠችው፤ ቀለሙ እንደ ድንች ልጣጭ ተነሣ።

«ለምን እንዳሠራሁህ አልነገርኩህም» አለች ፊቷን ሳታዞር። «ስታልቅ አንድ ቀን ልተኛባት ነው። ልጠይቀው። መሞት ይሙት፣ ከፋው፣ እሺ። ግን ጠዋት ቁርስ ይዤ የምመጣው እኔ እንደሆንኩ ያውቃል። እማምዬ አይደለችም፣ አንተም አይደለህም፣ እኔ ነኝ። እያወቀ እኔ እንዳገኘው አደረገ። ምን አድርጌው ነው ጋሼ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳስብ ያገኘሁት፣ በዋዜማው ራት አቅርቢለት ስባል ማኩረፌን ብቻ ነው።»

ወረቀቱን ላሜራው ላይ አሳረፈች። አንድ ጊዜ ሳበችው፣ ሁለት ጊዜ። ግራጫው መታየት ጀመረ።

እውነቱን ልናገርና፣ የዚያን ጊዜም ልዋሽ እችል ነበር። ስጪኝ ብዬ፣ አቧራ ነው ብዬ፣ ወገቤን ብዬ። የራቱን ኩርፊያ ስሰማ ግን አልቻልኩም። ይቺ ልጅ የኔን ጥፋት የአንድ ማታ ኩርፊያ ላይ አንጠልጥላ ነው ያደገችው።

«እሱ አይደለም የደፈነው» አልኩ።

«ማን ነው ታዲያ?»

ብርጭቆ ወረቀቱን ከእጇ ወሰድኩና አጠገቧ ተንበርክኬ ራሴ ፈቀፈቅኩ። ደንቡ በሚያዘው መሠረት፣ ክብ ክብ እያልኩ፣ ሳልቸኩል። ነጩ ጣት ወጣ። አጭር፣ ከጫፉ የተበላ። ጣቴን ላዩ ላይ አስቀመጥኩት፣ ልክክ አለ።

ጣቴን አየች። እኔን አየች። ከዚያ ሁሉን ነገርኳት፤ ዝናቡን፣ ፍራሹን፣ ዓይኑን ልፈትን ማለቴን፣ «አላውቅም» ማለቴን። «አባትሽ በማግስቱ ሊነሣ ነው የተኛው። የማብሰያዋን መሳቢያ ለክቶ ቆርጦ፣ ጠዋት ሊገጥማት አልጋው ሥር አስቀምጦ ነበር» አልኳት።

ብትመታኝ ደስ ባለኝ። አልመታችኝም። አላለቀሰችም።

«ጠልቼዋለሁ እኮ» አለች። «የሞተ ሰው ዘጠኝ ዓመት ጠልቻለሁ። አንተ ደግሞ ምሳ አብረኸኝ ትበላ ነበር።»

«እውነትሽን ነው።»

«ጋሼ ያልኩህ በቃኝ። እማምዬ ጋ ግባ። አሁን ግባ፣ ነገ እንዳትል።»

ላሜራ መቁረጫውን ግራይንደር አነሣች። ጀርባዋን ሰጠችኝ።

እናቴ ክፍል ስገባ አሥር ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ወደ መስኮቱ ታያለች። «ያንኳኳል» አለችኝ። «ክፈቱለት።»

«እየተከፈተለት ነው እማዬ» አልኩና መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ግራይንደሩ ጮኸ። እየጮኸ ነገርኳት። ጆሮዋ ደከም ስላለ የምናገረውን ጮክ ብዬ ነው የነገርኳት፣ «እኔ ነኝ የደፈንኩት» የሚለውን ሁለት ጊዜ። ሁለተኛውን ስጨርስ ግራይንደሩ ዝም አለ፣ ቆርቆሮ መሬት ላይ ሲወድቅ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ከግቢው ምንም አልተሰማም።

እናቴ ጆሮዋን ጥላ ቆየች። እኔም ጠበቅኩ። አልተንኳኳም።

«ራሱን አላጠፋም?»

«አላጠፋም እማዬ።»

«ልጁን ጥሎ አልሄደም?»

«አልሄደም።»

ስሙን ጠራችው። ቀስ ብላ፣ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ትጠራው እንደነበረው። ከዚያ ከአንገቷ ቁልፉን አውልቃ ሰጠችኝ። ሳጥኑን ከፈትኩት። ውስጡ ሌላ ምንም አልነበረም፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ፎቶው ብቻ። ትከሻው ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ አለ፣ ይስቃል።

ግድግዳው ላይ ያለው ምስማር አንድ ነው። ሌላ ልምታ ብዬ ልጠይቃት ዞር አልኩ፤ እያየችኝ ነበር። የኔን አወረድኩና የሱን ሰቀልኩ። ተጣሞ ነበር፣ አስተካከልኩት። የኔን ፎቶ በእጄ እንደያዝኩ ክፍሉ መሀል ቆምኩ።

«ይሄንንስ የት ላድርገው እማዬ?»

ዓይኗን ከወንድሜ ሳትነቅል መለሰችልኝ።

«ሳጥኑ ባዶ ነው» አለች።