አንድ ከአንድ እኩል ነው

ጋሼ ንዝንዝ የምንለው ባልደረባችን ከሞተ ወዲህም እኛ የሆስፒታሉ ኮምፒውተር ክፍል ሠራተኞች ከንዝንዙ አልተገላገልንም። በሕይወት ሳለ አንድ ሥራ በጨረስኩ ቁጥር ወንበሩን ወደ እኔ አዙሮ "ሞክረኸዋል?" ይለኝ ነበር፤ እኔም "አዎ" ብዬ በውሸት እሸኘው ነበር። ማሽኖችን የሚያዝ የኮምፒውተር ትእዛዝ፣ ስክሪፕት የምንለው ሁሉ፣ በትክክል መሥራቱን የሚያረጋግጥ ፈተና ካልተጻፈለት የኮድ መርማሪው ፕሮግራም እንዳይቀበለው ሕግ አስገብቶ ነው የሄደው። እኛም መላ አበጀን። "አንድ ከአንድ እኩል ነው" የምትል ፈተና እየለጠፍን እናልፋለን፤ መርማሪው የሚያየው ፈተና መኖሩን ብቻ ነው።

ያን ቀን ከፈቃድ መመለሴ ነበር። ያለጊዜዋ የተወለደች ልጄ አራተኛ ፎቅ ማሞቂያ ውስጥ ተኝታለች፤ ልቤም እዚያው ነው። የተሰጠኝ ሥራ ቀላል ነበር፦ ለእድሳት ባዶ የተደረገውን የሁለተኛውን ፎቅ መብራት የሚቆርጥ ስክሪፕት። ጻፍኩ፣ የተለመደችዋን ፈተና ለጠፍኩ፣ ላክሁ።

መርማሪው በቀይ "ፈተና የለውም" ብሎ መለሰልኝ።

ደግሜ ላክሁ፤ ያው ቀይ። በንዴት ጦፌ ፋይሉን ስከፍተው የእኔ ፈተና የለችም። በቦታዋ እኔ ያልጻፍኩት ተቀምጧል፦ "ሁለተኛ ፎቅ፣ ክፍል ስድስት ባዶ ነው።" ሳስኬደው ወደቀ። ባዶ አይደለም አለኝ።

ማን እየቀለደብኝ ነው ብዬ ዞር ስል ሁሉም ምሳ ወጥተዋል። ፈራሁ። ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ከልጃችን ጋር ላለችው ሚስቴ ደውዬ የት እንዳሉ ጠየቅኳት።

"አሁን ገና ሁለተኛ ፎቅ አወረዱን" አለች። "የላይኛው ማሞቂያ ተበላሽቶ ነው። ክፍል ስድስት ነን። ምነው፣ ድምፅህ ምን ሆኗል?"

ምንም አልኳት። ስክሪፕቱን ሙልጭ አድርጌ ሰረዝኩት፤ ከዚያ አለቃችን ቢሮ ገብቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። የጋሼ ሕግ ባይኖር ኖሮ ልጄን በገዛ እጄ እገድላት ነበር አልኩት።

አለቃችን ግራ ገብቶት ያየኝ ጀመር።

"የቱ ሕግ? እሱንማ አንተ ፈቃድ ላይ ሳለህ አጥፍቼዋለሁ። ሰው ሁሉ ተማርሮብኝ።"

ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። ሰዎቹ ገና ከምሳ አልገቡም። ከጎኔ ያለው የጋሼ ወንበር ወደ እኔ ዞሯል።

"አልሞከርኩትም፣ ጋሼ" አልኩት።