የአልሲድ ክብሪት

አልሲድ ሰው አያስፈልገኝም ይላል። ለማያውቅሽ ታጠኚ! ታዲያ ያን ክረምት ጠዋት ጠዋት የቤቴን በር ሲደበድብ የከረመው ማን ነው?

ከቤቴ ጀርባ ጫካው ውስጥ፣ በገዛ እጁ በሠራት የግንድ ጎጆ ብቻውን ይኖራል። መብራት የለው፣ ስልክ የለው። ውሃ ሲፈልግ የወንዙን በረዶ በመጥረቢያ ይፈልጣል። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ሊተክሉለት የመጡትን ሰዎች፣ ዛፍ መስሎኝ እንዳልቆርጠው ብሎ መልሷቸዋል። አሜሪካ ጫፍ ላይ ያለው የእኛ የሰሜን ሜይን ብርድ ቀልድ አያውቅም፤ አልሲድ ግን ተመችቶኛል ባይ ነው።

ባሌ ከሞተ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረንም። በመከር ልጄ ረኔ፣ እማዬ እንጨት መሸከም ይብቃሽ ብሎ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አስገባልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ምድጃ ለማቀጣጠል በጨለማ ስነሣ ኖሬያለሁና ተኝቼ ላረፍድ ቋምጬ ነበር። ማን አስተኝቶኝ!

ገና ሳይነጋ በሩ ይንኳኳል። አልሲድ ጢሙ ላይ በረዶ ተጋግሮ ቆሟል፤ ክብሪት አለቀብኝ ይላል። በማግስቱ ጨው። ከዚያ ደግሞ ያው ክብሪት። የሰጠሁትን ይዞ ቢሄድ እኮ ደግ ነበር። ወንበር ስቦ ይቀመጥና ያንን ፕሎይ የምንለውን ስስ ቂጣችንን ቅቤ እየቀባ ይጠቀልላል። እኔን ከላይ እስከ ታች ያየኛል። ከዚያ ብድግ ብሎ ይወጣል።

አንድ ቀን ትዕግስቴ አለቀ።

«አንተ ሰውዬ፣ ክብሪቱን ትበላዋለህ እንዴ?» አልኩት። «እኔ ሱቅ አልከፈትኩም። ካልሞትኩ በቀር እዚህ በር እንዳላይህ።»

«እሱን በምን ላውቅ?» ብሎ አጉረመረመና ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ።

በማግስቱ ማንም አላንኳኳም። እንደልቤ ተኝቼ አረፈድኩ። ስነሣ ግን በመስኮቱ በኩል የበረዶ ጫማ ዱካ አየሁ፤ ከጫካው ወጥቶ የእንጨት ክምሩ አጠገብ ይደርስና ተመልሶ ይሄዳል። ክምሩ ሥር በረዶው ተረጋግጧል፤ ሰውዬው እዚያ ቆሞ ወጥ ቤቴን ሲያይ ነበር። በሚቀጥለውም ቀን እንደዚያው። ጭራሽ ተደብቆ ያየኝ ጀመር! ደሜ ፈላ። የባሌን የበረዶ ጫማ አጥልቄ፣ ልኩን ላሳየው ዱካውን ተከትዬ ሄድኩ።

ጎጆው ውስጥ ድንች እየላጠ አገኘሁት። ልሰድበው አፌን ስከፍት ዓይኔ መደርደሪያው ላይ አረፈ። የሰጠሁት ክብሪት በሙሉ ተደርድሯል፤ አንዱም አልተከፈተም። ጨውም እንደቋጠርኩለት ተቀምጧል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩት።

ድንቹን መላጡን አላቆመም። «የጭስ ማውጫሽ ከመከር ጀምሮ አይጨስም» አለ።

«ኤሌክትሪክ አስገብቻለሁ ብዬህ የለ?»

«ብለሽኛል። ኤሌክትሪክ ከዚህ አይታየኝም። በፊት ጭስሽን አይቼ፣ ተነሥታለች ብዬ ወደ ሥራዬ እሄድ ነበር። አሁን ምን ልይ? በየጠዋቱ ሰው ቤት ሄዶ ሞተሻል ወይ ይባላል?»

በእኛ አገር በብርድ ቀን ጭስ ያልወጣበት ቤት ይንኳኳል፤ እናቴም ስታደርገው የኖረችው ነው። እኔ ራሴ የአልሲድን ጭስ ከጥዱ በላይ ሳላይ ቡና ቀድቼ አላውቅም። የእኔንም የሚያይልኝ ሰው አለ ብዬ ግን አንድ ቀን አላሰብኩም። አፈርኩ። ቀድሞ አለመናገሩ ደግሞ አናደደኝ።

በማግስቱ በጨለማ ተነሥቼ፣ ጥግ ላይ የቀረውን የጥንቱን ምድጃ ለኮስኩ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ። አልሲድ አልመጣም፣ ዱካም የለም። ያ የተመኘሁት ሰላም ይኸው መጣ። ቂጣው ተርፎኝ ለወፍ በተንኩት። በሚቀጥለውም ቀን ተረፈኝ። ቤቱ ውስጥ ከሰዓቱ በስተቀር ድምፅ የሚያሰማ አልነበረም፤ ለካ ድምፁ እንደዚያ ያስጠላል።

ከዚያ በኋላ በነበረው ጠዋት ምድጃውን አልለኮስኩም። ለሁለት ሰው ቂጣ ጋግሬ፣ ሁለት ኩባያ አውጥቼ ተቀመጥኩ። ደግሞ ዘገየብኝ፣ ይኼ ግትር!

በመጨረሻ ተንኳኳ። አልሲድ እያለከለከ ገባ፤ ሮጦ ነው የመጣው። ከላይ እስከ ታች አየኝ፣ ጠረጴዛውን አየ፣ የቀዘቀዘውን ምድጃ አየ። ከዚያ ከኪሱ የክብሪት ሳጥን አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠ።

«አለቀብሽ እንዴ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። «ነገም ያልቅብኛል።»