የሳምራ ትንፋሽ

ኩልሱም የልጅ ልጇን ሳምራን ጨለማ ክፍል ውስጥ አስተኝታ መስኮቱን በብርድ ልብስ የጋረደችው ለክፋት አልነበረም። ኩፍኝ የያዘውን ልጅ ነፋስ አይንካው፣ ብርሃን አይየው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መርፌ አጠገቡ አይድረስ። ይህን ከእናቷ የሰማችው ብቻ ሳይሆን በራሷም ላይ የደረሰ ነገር ነው። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ከስልጤ አገር መጥታ ካዛንቺስ ቤት በተከራየች ሰሞን፣ የበኩር ልጇን ነስሩን ኩፍኝ ያዘው። ጎረቤት “ሐኪም ቤት ውሰጂው” አላት፤ አዝላ ወሰደችው። ወጉት። ወደ ቤት ስትመለስ ጀርባዋ ላይ እንዳለ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ኩልሱም መርፌ የያዘ ሰው ስታይ እጇ ይቀዘቅዛል።

የሳምራ አባት፣ ሁለተኛ ልጇ ሙሐሲን፣ ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ድሬዳዋ ወርዷል። ምራቷ ሰብሪና በኦፕራሲዮን ወልዳ ሆስፒታል ተኝታለች። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ስልክ በኪሱ ይዞ አይዞርም ነበር። ቤቱ ውስጥ የቀሩት አያትና የልጅ ልጅ ብቻ ናቸው።

መጀመሪያ ትኩሳት ነበር፤ ከዚያ የሳምራ ዓይን ቀላ፣ ሳል ያዛት፤ ሽፍታው ከጆሮዋ ጀርባ ተነሥቶ ፊቷን፣ ደረቷን፣ ሆዷን አለበሰው። የግቢው ጎረቤት ጽጌሬዳ፣ አስተማሪ ናት፣ በሩን አንኳኩታ “እማማ ኩልሱም፣ ሳምሪ ድምጿ ጠፋብኝ፤ ደህና ናት?” ብላ ጠይቃ ነበር።

“ጉንፋን ነው። ተኝታለች።”

ውሸቱን የዋሸችው አስባበት ነው። ጽጌሬዳ ካወቀች ሰብሪና ትሰማለች፤ ሰብሪና ከሰማች ስፌቷ ሳይደርቅ ተነሥታ ትመጣለች። ደግሞም ጽጌሬዳ መጀመሪያ የምትለውን ኩልሱም ታውቀዋለች፦ ሐኪም ቤት።

ያን ቀን ቅዳሜ ነበር። የቀትሩን ሶላት ሰግዳ ጨርሳ ምንጣፏን ስታጥፍ፣ ከአልጋው በኩል እንግዳ ድምፅ ሰማች። መጋዝ እርጥብ እንጨት ውስጥ ሲጎተት የሚያሰማው ዓይነት ነው። ጠጋ አለች። ሳምራ ታለቅሳለች፤ አፏ ተከፍቷል፣ ፊቷ ተኮማትሯል፤ እንባም ድምፅም ግን የለም። አየር ስትስብ ብቻ ያ መጋዝ ይጎተታል።

“ሳምሪ? የኔ እናት?”

ልብሷን ገለጠች። ልጅቱ በተነፈሰች ቁጥር ከጎድኗ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ አፍንጫዋ ይከፈታል ይዘጋል። ውሃ በማንኪያ ሰጠቻት፤ ውሃው በአገጯ ወረደ። ከንፈሯን አየችው፤ በጨለማው ውስጥ ቀለሙ አልታይ አላት። ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ላይ መንጭቃ ጣለችው።

ከንፈሯ ጠቁሯል።

“ያ አላህ!” አለች። ቀጥሎ ያደረገችውን በኋላም አላስታወሰችውም። ጽጌሬዳ ግን ስትናገር፣ ኩልሱም ልጅቱን ታቅፋ፣ ባዶ እግሯን ግቢው መሀል ቆማ፣ የጽጌሬዳን ስም እንደ ኡኡታ እየጮኸች ስትጠራ ነው ያገኘቻት።

ጽጌሬዳ የልብስ ማጠቢያ ሳሙና በእጇ እንዳለ መጣች። ልጅቱን አንድ ጊዜ አየች። “ይሄ ጉንፋን ነው እንዴ፣ እማማ?” አለች፤ መልስ ግን አልጠበቀችም። “ጫማዎን ያድርጉ፤ በቃ፣ እንሂድ።”

ከአስፋልቱ ላይ ላዳ አገኙ። ሾፌሩ በመስታወቱ ልጅቱን አይቶ ስለ ሒሳብ እንኳ ሳይነጋገር ማርሽ አስገባ። ኩልሱም የሳምራን ፊት በሻሿ ሸፈነችው፤ ጽጌሬዳ ገለጠችው።

“አይሸፍኗት፤ አየር ትፈልጋለች።”

“ነፋሱ ይመታታል፣ ልጄ! ነፋሱ!”

“እማማ፣ ነፋሱን ነው የምትፈልገው።”

ወደ ኡራኤል ሲጠጉ መኪናው ሁሉ ተጠላልፎ ቆሟል። ሾፌሩ ክላክስ ላይ ተኛበት። ኩልሱም ጆሮዋን ልጅቱ አፍ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። አንዱ ትንፋሽ ይመጣል፤ ሌላው እስኪመጣ እሷም አትተነፍስም። ያንን የመጋዝ ድምፅ ከዚህ በፊት ሰምታው ታውቃለች፤ ከነስሩ ነው የሰማችው። መቼ? ከመርፌው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ልታስታውስ ሞከረች፤ ፍርሃቱ ጭንቅላቷ ውስጥ ሁሉንም ነገር ደባለቀባት።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ያገኛቸው ጤና መኮንን ታዲዎስ ይባላል፤ ፂሙ ገና የሚበቅል፣ ጋዋኑ የሰፋው ወጣት ነው። ልጅቱን ከእቅፏ ሊቀበላት ሲል ኩልሱም አጥብቃ ያዘቻት።

“እናቴ፣ እርስዎ ይያዟት። እኔ እዚያው ላያት።”

ደረቷን አዳመጠ፣ አፏን ከፍቶ አየ፣ የዓይኗን ቆብ በአውራ ጣቱ ገለጠ። ዓይኗ ላይ ቆየ። ያ መቆየቱ ኩልሱምን ይበልጥ አስፈራት።

“ዓይኗ ምን ሆነ?”

“ደርቋል። ግን ገና አልተጎዳም፤ ደርሰናል።” ነርሷን ጠርቶ ኦክስጅን አዘዘ፣ አምቡላንስ እንዲጠራ ነገረ። “ሆስፒታል መግባት አለባት። መኪናው እስኪመጣ ግን ዝም ብለን አንጠብቅም።”

ከመሳቢያው ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ቀይ ካፕሱል አወጣ። ጫፏን በመቀስ ቆረጠና ውስጧ ያለውን ዘይት ሳምራ አፍ ውስጥ ጠብ ጠብ አደረገው። ልጅቱ ምላሷን አንቀሳቀሰች።

“ምንድን ነው ያጠጣሃት?”

“ቫይታሚን ኤ ነው።” ኦክስጅኑን አፍንጫዋ ላይ እያስተካከለ ቀስ ብሎ ነገራት። “ከአፍንጫችን እስከ ሳንባችን ያለው መንገድ ውስጡ በእርጥብ ስስ ሽፋን የተለበጠ ነው። ሽፋኑ ላይ ዓይን የማያያቸው ፀጉሮች አሉ፤ አቧራውንም ጀርሙንም ወደ ላይ እየጠረጉ ያወጣሉ። ኩፍኝ ያንን ሽፋን ይልጠዋል። የሳምራ ሳንባ አሁን በሩ እንደተነቀለ ቤት ነው፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ይገባበታል። ይቺ ዘይት ሽፋኑ መልሶ እንዲበቅል ትረዳለች፤ ዓይኗንም ትጠብቃለች። ኩፍኙ ደግሞ ሰውነቷ ውስጥ ያለውን ቫይታሚን አሟጦባታል።”

“እንግዲያው ትድናለች?”

“በዘይቷ ብቻ አትድንም። ሽፋኑ እስኪበቅል ቀን ይፈጃል። ሳንባዋ ውስጥ አስቀድሞ የገባውን ጀርም የሚገድለው መርፌ ነው።”

ነርሷ ትሪውን ይዛ ቆማለች። ኩልሱም መርፌውን አየችው። ልጅቱን ይበልጥ ወደ ደረቷ ሳበች።

“ዘይቱን ስጣት። የፈለግኸውን ያህል ስጣት። መርፌ ግን አይሆንም።”

“እማማ!” አለች ጽጌሬዳ።

“አይሆንም አልኩ! ልጄን በመርፌ ገደላችሁት! ይቺን አልሰጥም!”

የኦክስጅኑ ፉጨትና የሳምራ መጋዝ ብቻ ይሰማሉ። ታዲዎስ አልተቆጣም፤ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

“ልጅዎ ኩፍኝ ነበረው?”

“ነበረው።”

“ሲወስዱት ትንፋሹ እንዴት ነበር?”

ኩልሱም “ደህና ነበር” ልትል አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ የሳምራ ትንፋሽ ጆሮዋ ሥር ተጎተተ፤ እሷም አስታወሰች። ነስሩን አዝላ ዳገቱን ስትወጣ፣ ገና ወደ ሐኪም ቤቱ ስትሄድ፣ ማጅራቷ ላይ ይሄው ድምፅ ነበር። ይሄው ራሱ። “አይዞህ፣ ደረስን” እያለችው ስትሮጥ ነበር። መርፌው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እስከዛሬ ያስታወሰችው የመልሱን መንገድ ብቻ ነበር።

“እንዲህ ነበር” አለች ድምጿ ሰልሎ። “እንደዚህች።”

ታዲዎስ ራሱን ነቀነቀ። “ሐኪም ቤት ሲደርስ መሽቶበት ነበር፣ እናቴ። ይቺ ላይ አልመሸም። ግን እየመሸ ነው።”

እጇ አሁንም እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። ፍርሃቱ አንዲት ጠብታ አልቀነሰም። “ቢስሚላህ” አለችና የሳምራን ጭን በገዛ እጇ ገለጠች። “ውጋት። እኔ አላይም።”

ዓይኗን ጨፈነች። ልጅቱ ተንፈራገጠች፤ ድምፅ የሌለው ልቅሶዋ ደረቷን አንቀጠቀጠው። ከዚያ ጸጥ አለች። አንገቷ የኩልሱም ክንድ ላይ ወደቀ።

“ሞተች!” ብላ ጮኸች ኩልሱም። “ነግሬአችሁ ነበር! ነግሬአችሁ ነበር!”

ጽጌሬዳም ግድግዳውን ተደገፈች። ታዲዎስ ጎንበስ ብሎ የኩልሱምን መዳፍ ያዘና ልጅቱ ደረት ላይ አስቀመጠው። “ደክሟት ነው። ይዳስሱ።” ከመዳፏ ሥር ትንሿ ደረት ከፍ አለች፣ ወረደች፣ እንደገና ከፍ አለች። ኩልሱም እጇን ከዚያ አላነሣችውም፤ አምቡላንሱ ሲመጣም፣ መኪናው ውስጥም፣ የሆስፒታሉ አልጋ አጠገብም እዚያው ነበር።

በማግስቱ ሁለተኛዋን ካፕሱል ሰጧት። ኩልሱም የሆስፒታሉን ነርስ ኮሪደር ላይ ተከትላ ልብሷን ያዘቻት። “እባክሽ ልጄ፣ ሌላም ጨምሪላት። ሽፋኑ ቶሎ እንዲበቅል።” ነርሷ ሲበዛ መርዝ እንደሚሆን፣ ዓይኗ ስለደረቀ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት እንደምትቀራት ነገረቻት። ይሄኛውም አዲስ ፍርሃት ሆነባት፤ ማንም ሰው አልጋው አጠገብ ካፕሱል ይዞ ሲመጣ “ተሰጥቷታል፣ ተሰጥቷታል” ትል ጀመር።

ትኩሳቱ ቀስ እያለ ወረደ። ከጎድኗ በታች ያለው ሥጋ መሰርጎዱን ተወ። አንድ ጠዋት ሳምራ ዓይኗን ከፍታ፣ እንደ ሽማግሌ በጎረነነ ድምፅ “አያቴ፣ እራበኝ” አለች። ኩልሱም ሩዝ በወተት እያበላቻት፣ በመጀመሪያው ጉርሻ አልቅሳ በሁለተኛው ሳቀች።

ሙሐሲን ከመንገድ ሲመጣ ጽጌሬዳ ሁሉንም ነግራው ነበርና በቀጥታ ሳምራ ያለችበት ሆስፒታል ደረሰ። ልብሱ ከነአቧራው ነው። ልጁን ሳመ፣ ግንባሯን ዳሰሰ፣ ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ። ሲቆጣ ድምፁ ዝቅ ይላል።

“እማዬ፣ ሽፍታው ሲወጣ ለምን አልወሰድሻትም? ለምን ለሰው ደበቅሽ?”

ለዚህ ጥያቄ ብዙ መልስ አዘጋጅታ ነበር፤ ስለ ሰብሪና ስፌት፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ቀድሞ ሰዎች ልማድ።

“ፈርቼ” አለችው።

ሙሐሲን ወንድሙን ነስሩን አያውቀውም፤ ከእሱ ሞት በኋላ ነው የተወለደው። በቤታቸው ስሙ ሲነሣ ግን እናቱ ወደ ጓዳ እንደምትገባ ያውቃል። ሻንጣውን አልጋው ሥር አስገባና ጎኗ ተቀመጠ።

“ሰብሪና ሰላም ናት?” አለችው።

“ሰላም ናት፤ ጽጌሬዳ ጠይቃታለች። ወንድ ነው አለችኝ።”

“አልሐምዱሊላህ። ሳምራ እስክትድን ወደ ሕፃኑ አላስጠጋትም። ጽጌሬዳ ጋ እናድራለን፤ ተነጋግረናል።”

“እሺ።”

“ሕፃኑ ዘጠኝ ወር ሲሞላው የኩፍኝ ክትባት ይከተባል። እኔ ነኝ የምወስደው።” የቀዘቀዘ እጇን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀች። “አንተ ግን አብረኸኝ ትመጣለህ። ብቻዬን አልችልም።”