ፌንጣዋና ጃንጥላው

ሰው የሚወደው ሥራ እንከን ሲነገረው ይበረታል ወይስ ይሰበራል? ይህን ጥያቄ ባነሣው ባወርደው መልስ አጣሁለት። የልጅ ልጄ ፎቶዎቿን ለሰፈራችን ፎቶ አንሺ ልታሳይ በቀጠረችበት ቀን፣ እጄ ብርጭቆ ያጥባል፣ ልቤ በር በሩን ያያል።

ልጅቷን በቤት ስሟ «ጉንዳን» ነው የምንላት። ካሜራዋን ዓይኗ ላይ ለጥፋ፣ ግቢው ውስጥ በደረቷ እየተሳበች ፌንጣና ጥንዚዛ በቅርብ ስታነሣ ትውላለች። ድሮ ሥዕል ትወድ ነበር። አንድ ቀን አጎቷ «ይሄ ፈረስ ነው ወይስ ወንበር?» ብሎ ሳቀባት። ቀለሟን ሰብስባ ለጎረቤት ልጆች አደለች፤ ዳግመኛ ብሩሽ አልነካችም። ከዚያ ወዲህ እኔ ያሳየችኝን ሁሉ «ግሩም ነው!» እላለሁ።

«እማዬ፣ ሌንሱን በጣቴ ሸፍኜ ያነሣሁትንም እኮ ግሩም ነው ብለሻል» ትለኛለች።

ፎቶ አንሺው ሠርግ ላይ ሙሽራዋን «አገጭሽን ቀና!» ብሎ የሚቆጣ፣ ጥርሱ የማይታይ ሰው ነው። በር ላይ ጠብቄ ያዝኩት።

«ልጄ፣ በሞቴ፣ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ንገራት።»

«እማማ፣ ለጥሩ ጥሩውማ እርስዎ ይበቋት የለም እንዴ?»

ወንበር ሳብኩለት።

ፎቶዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጉ። መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ። እኔ አንዱን ብርጭቆ ደጋግሜ እወለውላለሁ።

«ይቺ ፌንጣ ሳትሸሽ እንዴት ጠበቀችሽ?» አለ በመጨረሻ።

«ስትዘል እቆማለሁ፤ ስታርፍ ደግሞ ቀስ ብዬ እጠጋታለሁ፣ ጋሼ።»

«ትዕግሥት አለሽ። እሱን ማንም አያስተምርሽም፤ የቀረውን ግን መማር ትችያለሽ። ተመልከቺ፣ ክንፏ ጥርት ብሎ ዓይኗ ደብዝዟል። ፎከሱን ዓይኗ ላይ አድርጊው፤ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዓይን ነው። እዚህኛው ላይ ደግሞ ከላይ ሆነሽ ነው ያነሣሻት፤ ዝቅ በይና ከእሷ እኩል ሁኚ። ከኋላዋ ያለው ቀይ ባልዲስ ምን ሊሠራ መጣ?»

«የእማዬ ነው።»

«ይነሣ።»

የልጅቷ አንገት አቀረቀረ። ያቺን አንገት አውቃታለሁ፤ የፈረሱ ቀንም እንዲሁ ነበረች። አላስቻለኝም።

«በቃ በቃ! ልጅቷ ደክሟታል!»

«እማዬ፣ ተይው ይጨርስ።»

እሱ ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ደረደራቸው። «አንድ ነገር አልገባኝም። ሁሉንም እኩለ ቀን ላይ ነው ያነሣሁት ብለሽኛል። ታዲያ ፀሐይዋ የት ገባች? ሁሉም ላይ ድፍን ጥላ አለ፤ ዳር ዳሩ ደግሞ ክብ ነው።»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። እሱም ዞረና፣ ከበሩ አጠገብ ምስማር ላይ የተንጠለጠለውን ጥቁር ጃንጥላዬን አየ።

«ፀሐይ እንዳይመታት ብዬ ነው ከላይዋ የምይዘው» አልኩ። «አናቷ ስስ ነው።»

ያ ጥርሱ የማይታይ ሰው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም።

«እማማ፣ የጥንዚዛ ጀርባ መስታወት ማለት ነው። ብርሃን ከከለከሉት ጠጠር ይመስላል።» ዓይኑን ጠራርጎ ወደ እሷ ዞረ። «ቀትሩም ይቅርብሽ፤ ብርሃኑ ይከብዳል። ማለዳ ጤዛው ሳይደርቅ ውጪ፣ ያኔ እማማም አይሰጉም። ዓይኗ የጠራ አንዲት ፌንጣ አምጪልኝና ሱቄ መስኮት ላይ፣ ከሙሽሮቹ መሀል እሰቅላታለሁ።»

እሱ እንደሄደ ልጅቷ ፎቶዎቹን ሰበሰበች፣ ካሜራዋን ቦርሳ ውስጥ ከተተች፣ ዚፑን ዘጋች፣ ክፍሏ ገባች። አለቀ አልኩ። ሲነጋ ካሜራው ለጎረቤት ልጅ ሲሰጥ በሐሳቤ ታየኝ። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

ገና ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ ቀዩን ባልዲ ከግቢ አስገባሁትና በሩ ሥር አስቀመጥኩት። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ባልዲው ይሰረቃል ብዬ አይደለም፣ ተስፋ አንዳንዴ ሰውን እንዲህ ያደርጋል።

የክፍሏ በር ሲጢጥ አለ። አሮጌ ሱሪዋን ለብሳለች። ካሜራው አንገቷ ላይ ነው፤ ብብቷ ውስጥ ደግሞ ስትሳብ የምታነጥፈው ጆንያ አለ። ባልዲውን አየች። እኔን አየች። ከዚያ ጃንጥላውን፣ ወደ እሱ ግማሽ መንገድ የሄደውን እጄንም አየች።

እጄን ሰብስቤ ብብቴ ውስጥ ከተትኩት።

ባልዲውን ተራምዳ ወደ ጤዛው ወጣች።