ሰማያዊዋ ፒካፕ አልሞቅ አለች

አስተማሪዋ የማሞቂያውን ማብሪያ ደግማ ደጋግማ አዞረችው። ወይ ፍንክች። ከዳሽቦርዱ ቀዳዳዎች ሙቀት ቀርቶ ትንፋሽ እንኳ አልወጣም።

«ምን አለች?» አለ የባሏ ወንድም፣ ከተከፈተው ኮፈን ሥር አንገቱን አስግጎ።

«ምንም። አኩርፋለች።»

«እኔን ነው እንዴ የምታኮርፈው? እንዲያ አሳምሬያት!»

ማሳመሩንስ አሳምሯታል። ሙያው ቤት መቀባት ስለሆነ ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ «ብሩሽ» እያለ ነው የሚጠራው። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ አሮጌዋ ፒካፕ ጋራዡ ውስጥ አቧራ ለብሳ ስትቀመጥ አንጀቱ አልችል አለና በጋውን ሙሉ ቅዳሜና እሁድ እየመጣ ሰማያዊ ቀለም ቀባት። መቀባት ብቻም አይደለም፤ ከኮፈኑ ሥር እጁ የደረሰበትን ብሎን እየፈታ፣ ሥሩን ቀብቶ፣ አድርቆ፣ መልሶ አሰረው። «ዝገት የሚጀምረው ዓይን የማያየው ቦታ ነው» ይላል። የሰው ቤት ሲቀባም ቁም ሳጥኑን ከቦታው ካላስነሣ እንቅልፍ አይወስደውም።

በጋው አልፎ ብርዱ ገባ። ሙቀቱን የሚገፋው ማራገቢያ እንደማይሠራ የታወቀው ያኔ ነው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን አስተማሪዋ ካፖርቷን ደርባ ትነዳ ነበር። አሁን ግን ልጇ ተራራው አናት ላይ ባለው ከተማ ሴት ልጅ ተገላግላለች፤ ሳምንት እንኳ አልሞላትም። ነገ ጠዋት አራሷንና ሕፃኗን ራሷ ነድታ ልታመጣቸው ቃል ገብታለች። በዚያ ብርዳም መንገድ ማራገቢያው ካልነፈሰ የፊት መስታወቱ በእስትንፋስ ይሸፈንና ፊት ለፊት ያለው አይታይም። ደግሞስ እንዲያ ያለችውን ጨቅላ በዚያ ብርድ እንዴት ተደርጎ?

ስልኩ ጮኸ። ልጇ ናት።

«እማዬ፣ ባለቤቴ የኪራይ መኪና ልፈልግ ወይ እያለ ነው።»

«እስኪ እስከ ማታ ታገሡኝ።»

«ቤታችን የምንገባው በአባዬ መኪና ነው ብዬ ለልጄ ነግሬያታለሁ። እንዳታሳፍሪኝ!»

«እና ምን አለችሽ?»

«አዛጋች።»

አስተማሪዋ ስልኩን ዘግታ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«በል ብሩሽ፣ ከሀ እንጀምር።»

ፊውዙን ነቅላ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ አየችው። ውስጡ ያለው ክር አልተቆረጠም። ባሏ መኪናዋን ሲጠግን ብዙ ዘመን መብራት ይዛለታለች። መብራት ያዥ ሌላ ሥራ ስለሌለው ሁሉንም ያያል።

ብሩሽ ባለ ሁለት ሽቦውን መፈተሻ አምፖል አነሣ። የአንዱን ሽቦ መቆንጠጫ የሚያብረቀርቀው የመኪናዋ ቦዲ ላይ አስነክሶ፣ በሌላው ጫፍ ወደ ማራገቢያው የሚሄደውን ሽቦ ነካ። አልበራም። በመጨረሻ የባትሪውን ፖዘቲቭ ነካ። እሱም ጨለማ።

«እትዬ፣ ባትሪው ሞቷል! ነፍስ ይ...» አለና ምላሱን ነከሰ።

አስተማሪዋ በመስኮቱ እጇን ሰድዳ ክላክሱን ተጫነችው። ብሩሽ ከድንጋጤው የተነሣ ጭንቅላቱን ከኮፈኑ ጋር አጋጨ።

«ሙት እንዲህ ይጮሃል?»

«ኧረ አይጮህም!» አለ ጭንቅላቱን እያሻሸ። «እንግዲያው አምፖሉ ነው የተቃጠለው።»

አምፖሉን ከእጁ ተቀበለች። መቆንጠጫውን ከቦዲው ላይ አንሥታ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አስነከሰችና ፖዘቲቩን ነካች። በራ። ወደ ማራገቢያው የሚሄደውን ሽቦ ነካች። በራ።

«ኤሌክትሪኩ እስከ ማራገቢያው ይደርሳል ማለት ነው።»

«ታዲያ ማራገቢያው ነዋ የከዳን!»

ፈትተው አወጡትና ጠረጴዛው ላይ በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኙት። እንደ ንብ ቀፎ ጮኾ የብሩሽን ኮፍያ መሬት ላይ ጣለው። መልሰው ገጠሙት፤ መኪናዋ ውስጥ ሲገባ ዝም።

«ኤሌክትሪኩ ደህና፣ ማራገቢያው ደህና፣ ታዲያ የታመመው ማን ነው?» አለ ብሩሽ። «ግድግዳ ይሻለኛል። ግድግዳ አያኮርፍም።»

ፀሐይ ወደ ጣሪያዎቹ እያዘቀዘቀች ነበር። ስልኩ ኪሷ ውስጥ ቢንቀጠቀጥም አላነሣችውም። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ አምፖሉን በእጇ አገላበጠችው። ይኸው ደህና ነው፤ ታዲያ ቅድም ብሩሽ እጅ ላይ ምን ሆኖ ነው ያልበራው? መቆንጠጫው የነከሰው ብረት መስሏቸው ነበር። የነከሰው ግን ቀለም ነው።

ብድግ አለች። ከማራገቢያው የሚወጣውን ጥቁር ሽቦ በጣቷ እየተከተለች ቦዲው ላይ በብሎን እስከታሰረበት ድረስ ሄደች። ብሎኑ ያምራል። ዙሪያውም ያምራል።

«ብሩሽ፣ እውነቱን ንገረኝ። ይህችን ብሎን ፈትተሃታል?»

«እንዴታ! ፈትቼ፣ ሥሯን ደራርቤ ቀብቼ...» ብሎ በኩራት ጀመረና ፊቷን ሲያይ ድምፁ ወረደ። «ምነው? አላማረም?»

«እጅግ አምሯል። ኤሌክትሪኩ በዚህ ሽቦ መጥቶ በቦዲው በኩል ነው ወደ ባትሪው የሚመለሰው። አንተ መመለሻውን በቀለም ደፈንከው።»

ብሩሽ ብሎኑን አየ፣ እሷን አየ፣ መልሶ ብሎኑን አየ።

«እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ።»

«ወንድሜ ይህን ቢሰማ ዓመት ሙሉ ነበር የሚስቅብኝ።»

«ዓመትስ አይበቃውም ነበር» አለች። ይህን ስትል ድምፅዋ አልተሰበረም፤ ይልቅ ሳቋ አመለጣት። እሱም ተከተላት፤ ሁለቱም ኮፈኑን ተደግፈው ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ።

ብሎኑን ፈታችና ብርጭቆ ወረቀት ሰጠችው።

«በል ፋቅ።»

«እትዬ፣ በገዛ እጄ?»

«በገዛ እጅህ።»

የገዛ ልጁን ፀጉር እንደሚላጭ ሰው እያቃሰተ ሳንቲም የምታህል ቦታ ፋቀ፤ ከዚያች አንዲት ጭረት እንኳ አላሳለፈም። ራቁት ብረቱ ብቅ ሲል ሽቦውን አስነክተው ብሎኑን አጠበቁት። አስተማሪዋ መሪው ጋ ተቀምጣ ሞተሩን አስነሣች፣ ማብሪያውን አዞረች።

መጀመሪያ አንዳች የማንኮራፋት ድምፅ መጣ። ከዚያ ቀዳዳዎቹ በአንድ ጊዜ ተነፈሱና ፊቷና ፀጉሯ የለውዝ ገለባ ለበሱ። ባሏ እየነዳ ለውዝ ይፈለፍል ነበር፤ ገለባውን መስታወቱ ሥር ይተወዋል፣ ያም ወደ ቀዳዳዎቹ ይገባል። ስንቴ ተቆጥታዋለች! አንዷን ከጉንጯ ላይ አንሥታ አየቻት፤ ከዚያ መዳፏ ላይ አድርጋ በመስኮቱ እፍ አለቻት።

«ሞቀ?» አለ ብሩሽ።

«ነፈሰ! ሙቀቱም መንገድ ላይ ነው።»

ልጇ ጋ ደውላ ስልኩን ቀዳዳው አጠገብ ያዘችው።

«ይሰማሻል?»

«ምንድን ነው እማዬ? ዝናብ ነው?»

«የልጅሽ መኪና ነው። ነገ ልብስ አትደራርቢባት፣ ያልባታል።»

ልጇ በደስታ ጮኸች፤ በጩኸቷም ሕፃኗ ነቅታ ማልቀስ ጀመረች። አስተማሪዋ ሞተሩን አላጠፋችም። ሙቀቱ ጉልበቷ ላይ ቀስ እያለ ሲመጣ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ያንን ልቅሶ እስኪያበቃ አዳመጠችው።