ስፒሎቹ ሳያልቁ

ክፍል ውስጥ «ኮማ» ነበር የሚሏት፤ አንዴ ወሬ ከጀመረች አራት ነጥብ ላይ ስለማትደርስ።

የእንግሊዝኛው ክለሳ ሊያበቃ ሲል ቲቸር የእጁን ጠመኔ አራገፈና «የማሳመኛ ድርሰት ወረቀት ላይ ብቻ አይለመድም» አለ። «ቤታችሁ የምትከራከሩበትን ጉዳይ ምረጡ። መጀመሪያ አቋማችሁን፣ ቀጥሎ የተቃራኒያችሁን ሐሳብ ተናገሩ። ግን ሳታዳሉ! ሰውዬው ሲሰማ 'እኔ ራሴ እንዲህ አሳምሬ አልተናገርኩትም' ይበል። መልሳችሁ ከዚያ በኋላ ይመጣል።»

ኮማ ጉዳይ መምረጥ አላስቸገራትም። ሌላ ከተማ ያለ ኮሌጅ እንግሊዝኛ እንድታጠና ተቀብሏታል። አባቷ ግን «እናያለን» ካለ ሰነባብቷል፤ ምዝገባው ደግሞ ሊዘጋ ነው።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁም የቤታቸው የፊት ክፍል። እሱን ማናገር የሚቻለው አፉ ስፒል ሲይዝ ብቻ መሆኑን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ስፒሎቹን በከንፈሩ ነክሶ ልብስ ሲያስተካክል ዝም ብሎ ይሰማል። የመጨረሻዋን ሰክቶ አፉ ባዶ ሲሆን ይፈርዳል። ከፈረደ ፈረደ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው በርጩማ ላይ ቆማለች፤ አባቷ የአዲስ ቀሚሷን ግርጌ በስፒል ያስተካክልላታል። ኮማ በሩን ተደግፋ ጀመረች።

«አባዬ፣ ኮሌጅ መሄድ አለብኝ።»

«እምም» አለ ከስፒሎቹ መሃል።

«በእርግጥ ያንተም ሐሳብ ቀላል አይደለም...»

አባቷ እስከዚያ ቀን ምክንያት ብሎ ያቀረበው ነገር አልነበረም፤ እሷ ፈልጋ አመጣችለት። ዓይኑ እየደከመ ነው፤ ክር በመርፌ የምታስገባለት እሷ ናት። ደንበኞቹ እጇን ለምደዋል። እዚያ ሩቅ አገር ብትታመምስ ማን ይደርስላታል? ጎረቤቲቱ በርጩማው ላይ እንደቆመች እንባዋ መጣ።

«ነገር ግን...» ስትል የመጨረሻዋ ስፒል ተሰካች።

«ልክ ብለሻል፣ ልጄ» አለ አባቷ ቀና ብሎ። «እኔ ራሴ እንዲህ አሳምሬ አልተናገርኩትም። እዚሁ ቅሪ።»

«አባዬ! ገና መልሱን አልተናገርኩም እኮ!»

«የምን መልስ? ጨረስሽው እንጂ።»

«እኔንም አስለቀስሽኝ» አለች ጎረቤቲቱ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ጥለሽን ልትሄጂ ነበር፣ አንቺ ጨካኝ!»

በማግስቱ ይህን ስታወራ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቲቸር ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ሁለተኛው አንቀጽሽ ድንቅ ነው። ጥፋትሽ ሰሚሽ የት ላይ እንደሚያቆምሽ እያወቅሽ አለማሰብሽ ነው።»

ኮማ ሰሌዳው ላይ እንዳፈጠጠች ፊቷ ቀስ እያለ በራ።

«ምን አስበሽ ነው፣ አንቺ?» አለቻት ጓደኛዋ በክርኗ እየጎሰመች።

«አራት ነጥቡን አገኘሁታ!»

ቤት ስትደርስ ጎረቤቲቱ እንደገና በርጩማው ላይ ናት፤ ትናንት ስታለቅስ ተነቃንቃ ኖሮ የቀሚሱ አንዱ ጎን ረዝሞ ተገኘ። ግርጌው ሁሉ ተፈቷል።

«አባዬ፣ አስቤበታለሁ። ኮሌጁ ይቅርብኝ፤ ሱቁን ልያዝ።»

የአባቷ ቅንድብ ወደ ላይ ወጣ። «እምም?»

«በእርግጥ 'መሄድ አለባት' የሚሉ ሰዎች አሉ። እነሱንም መናቅ አይገባም። አባትየው መነጽር ቢገዛ ክሩን ራሱ ያስገባል ይላሉ። ለበዓልም ለእረፍትም ትመጣለች፤ አውቶቡስ ሞልቷል ይላሉ። ደግሞ...» እዚህ ላይ ድምጿ ቀነሰ። «ደግሞ እሱ ራሱ ከትምህርት ቤት ያስቀሩትን ቀን ባነሳ ቁጥር መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ይወረውራል ይላሉ።»

አባቷ ስፒል ሰካ። አፉ ባዶ ሆነ።

«ትሂድ እንጂ!» አለች ጎረቤቲቱ በለቅሶ። «ምን ዓይነት አባት ነህ?»

«ትናንት 'ጨካኝ' ያልሻት አንቺ አይደለሽም?»

«ትናንት ሌላ፣ ዛሬ ሌላ!»

አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ። «እነዚያ ሰዎች ልክ ናቸው። ሂጂ ተመዝገቢ።»

«ግን እኮ መልሱን...» አለች ኮማ ለወጉ ያህል።

«እንዳትጨርሺ!»

«ቆይ፣ ይሄኛው ጎንስ?» ጎረቤቲቱ ቀሚሷን ዞራ አየች። ግርጌው ከግማሽ በላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

«ስፒል አለቀብኝ» አለ አባቷ።

ኮማ ጠረጴዛውን አየች። የስፒሉ ቆርቆሮ እስከ አፉ ሙሉ ነው። አባቷን አየችው፤ መርፌና ክር አንስቶ፣ ዓይኑን አጥብቦ፣ ቀዳዳውን ደጋግሞ ይስታል።

«ምን ታፈጥጪብኛለሽ?» አለ ቀና ሳይል። «ነይ ይቺን አስገቢልኝ፤ መነጽሩ እስኪገዛ።»